ዘጠኝ የምስጋና ሌሊት

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበር። አልነበረም የሚል ቢኖር ዋሸ። አንበሳ ከሾላው ሥር ይተኛል፤ ቀበሮ ስለ አንበሳ ይናገራል፤ ነብር በሌሊት ይዞራል፤ የቀሩት ይፈራሉ። ደጋው ላይ ሣር ሲያልቅ ሣር በሊታው ሁሉ ወደ ቆላው ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ዳር ሰፊ ዋሻ አለ። ዋሻው የአንበሳ ነው። ማን ሰጠው ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲያውም እርሱ ራሱ ስለማያድርበት ብዙዎች እንደ ቸርነት ቆጠሩለት።

ጥንት ወደ ዋሻው የደረሰ ሁሉ ገብቶ ያድር ነበር። ኋላ ቀበሮ፣ «ማንም የሚገባበት ቤት ክብር የለውም» አለና የዋሻው ወዳጆች የሚባል ማኅበር አቋቋመ። አንድ ጓል ጨው ያመጣ ወዳጅ ይሆናል። ግንባሩ ላይ ቀይ አፈር ይቀባል፤ በር ላይ በስሙ ይጠራል፤ በዓመት አንድ ሌሊትም ያለ ክፍያ ያድራል። ይህች ሌሊት የምስጋና ሌሊት ትባላለች። ቀዩ አፈር ክረምት በመጣ ቁጥር በዝናብ ይታጠባል፤ ስለዚህ ወዳጅነቱ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይታደሳል። ዝናብ የማያስለቅቀው ቀለም እንዳለ ቀበሮም ያውቅ ነበር። ነገር ግን የማይለቅ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈልበት።

አንበሳ ጨው አይልስም። ይህንንም የጠየቀ የለም።

መጀመሪያ አንድ ጓል የነበረው እድሳት በሦስተኛው ዓመት ሁለት ሆነ፤ በስድስተኛው አራት፤ አምና ሰባት። ጨው ያለበት ገደል ከወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ በሰኮና ተቆፍሮ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጥርስ ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። ዋጋው ሲጨምር ደግሞ የምስጋናው ሌሊት የማይሠራባቸው ቀናት መጡ። ጨረቃ ስትሞላ አይሠራም፤ ጨረቃ ስትጠፋ አይሠራም፤ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሙቀት ሲበረታ፣ የአንበሳ አማቾች ሲመጡ አይሠራም። በቀሩት ቀናት ዋሻው ሞልቷል።

ይርገዱ የምትባል ድኩላ ባሏ ጓንጉል የሞተባት ሰኔ መግቢያ ላይ ነበር። ጓንጉል ዘጠኝ ዓመት ወዳጅ ሆኖ ዘጠኝ የምስጋና ሌሊት አጠራቅሟል፤ አንዲቷንም አልነካትም። ከዚያ በፊት ሁለት ግልገሎቻቸውን ነብር ወስዶባቸዋል፤ ሁለቱንም ቆመው መሮጥ ሳይችሉ። የድኩላ ግልገል እግሩ እስኪጸና ዘጠኝ ቀን ይፈልጋል።

«ሦስተኛው ግልገላችን ዋሻ ውስጥ ነው የሚወለደው» ይላት ነበር ጓንጉል። «ዘጠኝ ሌሊት ከላይ ድንጋይ፣ ከጎን ድንጋይ። ነብር ከፈለገ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያልቅስ።»

ሌሊቶቹን ላለመንካት እርሱ ከበሩ ውጭ ድንጋዩን ተጠግቶ ያድር ነበር። ነብር የበላውም እዚያው ነው። ቀበሮ በማግስቱ ሐዘኑን ሲገልጽ፣ «ወዳጃችን በወዳጅነቱ ላይ እንዳለ አረፈ» አለ፤ እንደ ማጽናኛ መሆኑ ነው። ይርገዱ ያን ጊዜ አርግዛ ነበር። ስትተኛ አሁንም በነፋሱ በኩል ያለውን ቦታ ትተውለታለች።

ጥቅምት ሲጠባ ቀበሮ ወዳጆቹን ከሾላው ፊት ለፊት ሰበሰበ። አንበሳ ተኝቷል፤ ጉባኤው የተከፈተው ግን በስሙ ነው።

«ክቡራን ወዳጆች» አለ ቀበሮ፣ «የዘንድሮው እድሳት አሥራ ሁለት ጓል ሆኗል። ይህ ጭማሪ አይደለም። ጭማሪ ነው የሚል ራሱን አቃለለ። አምና የሰባት ጓል ወዳጆች ነበራችሁ፤ ዘንድሮ የአሥራ ሁለት ጓል ወዳጆች ናችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ጥቂቶች አመሰገኑ። ከርከሮ ግን ከመካከል ተነሣ። ከርከሮ ነገር ማለስለስ አይችልበትም።

«ዋሻው ውስጥ ምን ተሻሻለ?»

«የሌሊት ወፎቹ።»

«ምን ሆኑ የሌሊት ወፎቹ?»

«በዝተዋል» አለ ቀበሮ።

ሳቅ ተሰማ። ቀበሮ የሳቀው ማን እንደሆነ በዓይኑ ሲፈልግ ሳቁ ቆመ።

ከማኅበሩ መጀመሪያ ጀምሮ ያልጎደለው ኤሊ በዝግታ አንገቱን አወጣ። «እኔ አከፋፈሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጓሎቹ ትንሽ አነስ ቢሉ ብቻ...»

«አባባ» አለው ከርከሮ፣ «እርስዎ ቤትዎን አዝለው አይደል እንዴ የሚሄዱት? ዋሻው ምን ያደርግልዎታል?»

«በር ላይ በስሜ ይጠሩኛል» አለ ኤሊ። ደግሞም፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ። ዛሬ ብተወው ያ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?» አለ።

ዝንጀሮ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝንጀሮ ተራ ወዳጅ አይደለም፤ እጥፍ እየከፈለ ግንባሩ ላይ ሁለት መስመር የሚቀባ ነው። «እኔ እንኳ አሥራ ሁለትም ያንሳል ባይ ነኝ። ዋጋው ካልጨመረ ጃርት ሳይቀር ይገባል። ከጃርት ጋር አንድ ቀለም ልቀባ?»

«አንተ ገብተህ ታውቃለህ?» አለው ከርከሮ።

«መግባትና ወዳጅ መሆን ይለያያል» አለ ዝንጀሮ። ይህ አባባል ለብዙዎች ጥልቅ መሰላቸው።

ይርገዱ የመናገር ልማድ አልነበራትም። በጉባኤ የሚናገረው ጓንጉል ነበር። ቢሆንም ተነሣች።

«ባሌ ዘጠኝ ሌሊት ትቶልኛል» አለች። «የምወልደው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ሌሊቶቹን እፈልጋቸዋለሁ።»

«እትዬ ይርገዱ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» አለ ቀበሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። «ሌሊቶቹ ግን የወዳጁ ናቸው። ወዳጁ ሲቀር እነርሱም ይቀራሉ። እርስዎ በስሙ ካደሱለት አይቀሩም።»

«አሥራ ሁለት ጓል?»

«አሥራ ሁለት።»

«በዚህ ሆዴ?»

«ደንቡ ስለ ሆድ አይናገርም።»

ቀበሮ ጉባኤውን ዘግቶ ሲሄድ ከርከሮ ወዳጆቹን ወንዙ መታጠፊያ ላይ ለብቻቸው ሰበሰባቸው። ማንም እንዳያድስ ተነጋገሩ። አንድ ዓመት ባናድስ ዋሻውን ለማን ሊያከራየው ነው ተባለ። የሜዳ አህያዋ መሬቱን በሰኮናዋ እየደበደበች፣ «አንድም ጓል! አንድም!» አለች። ኤሊ ሳይቀር ማለ። ዝንጀሮም፣ ጉዳዩ ገና ጥናት ይፈልጋል ብሎ ሲያበቃ፣ ማለ። ይርገዱ ግን አልማለችም። የዚያኑ ዕለት ወደ ጨው ገደል መንገድ ጀመረች። በአንድ ጉዞ ከሦስት ጓል በላይ መሸከም አልቻለችም፤ አራት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው ግልገሉ ሆዷ ውስጥ ወደ ታች መውረዱን አወቀች።

የእድሳቱ ቀን ሲነጋ ዋሻው በር ላይ ብቻዋን የምትሆን መስሏት ነበር። ሰልፉ ግን ወንዙ ድረስ ደርሷል። ሁሉም አሉ። እርስ በርስ ላለመተያየት ሁሉም ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ኤሊ፣ «አላድስም ብዬ ልነግራቸው ነው የመጣሁት» ይላል፤ ጓሎቹ ከልብሱ ሥር ይታያሉ። ልብሱ ያው ጀርባው ነው። የሜዳ አህያዋ፣ «ለዘመዴ ቦታ ይዤ ነው» አለች። ይርገዱ ከርከሮ አጠገብ ደርሳ ቆም ብላ አየችው። ከርከሮ የጨው ጥቅሉን በጥርሱ ይዞ ስለነበር መልስ ሊሰጥ አልቻለም። ለማስቀመጥም አልሞከረም።

«ያረገዘች ናት፤ ትለፍ» ብሎ ያሳለፋት እርሱ ነው፤ በዓይኑ። ሌሎቹም ስላፈሩ አሳለፏት፤ እስከ በሩ ድረስ። ቀበሮ በሩን የከፈተው ግን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትዞር ነው፤ ተራዋም ያን ጊዜ ደረሰ።

ቀበሮ ጥቅሉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አስገባ። ጣቱን ቀይ አፈር ውስጥ ነክሮ ግንባሯን ሊቀባ ሲል ይርገዱ ራሷን ወደ ኋላ መለሰች።

«መጀመሪያ ዘጠኙን ሌሊት።»

«አዎ፣ የጓንጉል ሌሊቶች። እነዚያ አሮጌ ሌሊቶች ናቸው፣ እትዬ። ዘንድሮ ሦስት አሮጌ ሌሊት አንድ አዲስ ሌሊት ይሆናል። ስለዚህ ሦስት አለዎት። ከሚመጣው ሰኔ ጀምሮ ይሠራሉ።»

«እኔ የምወልደው ዛሬ ነው።»

«ዛሬ ሞልቷል።»

ይርገዱ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ቆማለች። ከቀበሮ በቀር ወደ ውስጥ የገባ አላየችም፤ የወጣም አላየችም። የውስጡ እስትንፋስ አይሰማም፤ የማንም ሽታ አይሸትም። ቀበሮ ሁለተኛ ቃል ሳይናገር በጎኑ አልፋ ገባች።

ዋሻው እውነትም ሞልቷል። ከወለሉ እስከ ጣራው ጨው ነው። ከበሩ ሁለት እርምጃ አልፎ ድኩላ ቀርቶ ጥንቸል የምትጋደምበት ስፍራ የለም። የሌሊት ወፎቹ እንኳ ቦታ አጥተው ሄደዋል። የዘንድሮው ጨው ከፊት ነው፤ ከኋላው የአምናው፣ ከዚያ የካቻምናው፤ በርጥበት ተጣብቆ ግድግዳ ሆኗል። የጓንጉልን ጓሎች ለመለየት ሞከረች፤ አልተለዩም። አንዱን ላሰችው። ያው ጨው ነው።

«እትዬ» አለ ቀበሮ ከኋላዋ፣ ሳይቆጣ፣ «እኔ ባዶ ነው ብዬ አውቃለሁ?»

«ጨዬን መልስልኝ።»

«የገባ ጨው አይወጣም። ቢወጣ ቦታ በተገኘ ነበር።»

ይርገዱ ወጥታ በሰልፉ ፊት ቆመች። ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ውስጡ ጨው ነው፤ የእናንተው ጨው ነው፤ ማንም አያድርበትም፤ ለማደር የሚበቃ ቦታም የለም አለች።

«ለጊዜው ይሆናል» አለ ኤሊ። «ሲጸዳ ይከፈታል።»

«ያን ያህል ጨው ካለ» አለ ዝንጀሮ፣ «የወዳጆቹን ብዛትና የማኅበሩን ክብር እንግዲህ አስቡት።»

የሜዳ አህያዋ፣ «ሰልፉ ተንቀሳቀሰ እንዴ?» አለች።

ፀሐይ ጠለቀች። ቀበሮ፣ «የቀራችሁ ነገ፤ ተራውን የለቀቀ ከኋላ ይጀምራል» ብሎ በሩን ዘጋ። ስለዚህ ማንም ከቆመበት አልተነሣም። ይርገዱ ወደ ቁጥቋጦው ልትሄድ ስትል ምጡ ያዛት፤ እዚያው በሰልፉ መካከል፣ በከርከሮና በሜዳ አህያዋ እግር ሥር ወደቀች። ተራቸውን እንዳያጡ ስለፈሩ አልራቁላትም። ይልቁንም ከኋላ ያሉት ወደ ፊት እየገፉ ተጠጋጉ፤ ቀንዱም ጥርሱም ሰኮናውም አንድ ላይ ሆነ። ነብር መጣ። ሁሉም አዩት። አንድ ጊዜ ዞራቸው፤ ቆመ፤ ጅራቱን ወዘወዘና ወደ መጣበት ሄደ።

ሲነጋ ግልገሉ ተወልዶ እናቱ እየላሰችው ነበር። ሴት ናት። የአባቷ ጆሮ አላት።

«ነብሩን አያችሁት?» አለች ይርገዱ፣ ሳትነሣ።

«አየነው» አሉ።

«ለምን ተመለሰ?»

«የወዳጅነታችንን ምልክት አይቶ ነዋ» አለ ኤሊ።

ከርከሮ ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። አፉ ደርቋል። «አባባ፣ ምልክቱ ክረምት ታጥቧል። ያልታደስን ነን እኮ። ግንባራችን ላይ ምንም የለም።»

ኤሊ ግንባሩን ሊያይ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ይርገዱ በጎኗ ተደግፋ ቀና አለች። «ስምንት ሌሊት ይቀረኛል። ከወንዙ ማዶ ሣር አለ። እንደ ትናንቱ ብቻ ተጠጋግታችሁ ቁሙልኝ። የምከፍላችሁ ጨው የለኝም።»

ያሰበ ነበረ፤ ያሰበ የመሰለም ነበረ። በዚህ መካከል የዋሻው በር ተከፈተ፤ ቀበሮ ጣቱን በቀዩ አፈር ነክሮ ብቅ አለ።

«ቀጣይ!»

ዝንጀሮ ሃያ አራት ጓሉን ተሸክሞ ወደ ፊት ወጣ፤ በስሙም ተጠራ። ይርገዱ ግልገሏን በአፍንጫዋ ወደ ላይ ገፋች፤ ግልገሏ ቆመች፤ ወደቀች፤ ደግማ ቆመች። ሁለቱም ወደ ወንዙ ፊታቸውን አዞሩ። ከርከሮ አንድ እግሩን ከሰልፉ አወጣ። ሦስቱ ግን እዚያው ናቸው። እንዲሁ ቆሞ ድኩላዋን ያያል፤ በሩን ያያል፤ መሬት ላይ ያለውን ጨው ያያል።

የሜዳ አህያዋ ከኋላው ጎነጠችው።

«ወንድም ከርከሮ፣ ትወጣለህ ወይስ አትወጣም? ከወጣህ ቦታህን ልያዘው።»