ቃሬዛው ከደጃፍ ሲመለስ

አንድ ሰው ነበረ። አራሽ ነበረ፤ ያውም ምን ዓይነት አራሽ! በሬው ሲደክምበት በሬውን አሳርፎ ራሱ የሚጠመድ፣ ሲያስነጥስ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው «ይማርህ» የሚለው። ይህን ሰው ይያዙልኝ፣ ጌታው። ሁለተኛ አምቡላንስ እንግዛ ወይስ ቤት ለቤት እየዞረ በድን የሆነ እጅና እግር የሚያለማምድ ባለሙያ እንቅጠር ብለው ለጠየቁኝ፣ መልሱ ያለው እርሱ ዘንድ ነው።

አንድ ማለዳ አራሹ እርፍ እንደ ጨበጠ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፤ አፉ ተጣመመ፤ ሚስቱን ልጥራ ሲል የወጣው ድምፅ የጥጃ ድምፅ ነበር።

የዚያ አገር ሰው ደንብ ነበረው። ሰው ሲታመም የዕድሩ ቃሬዛ ይወጣል፤ ሐኪም ቤት እስኪደርስ አገሩ በሙሉ በተራ ይሸከማል። የቀረ ሙክት ይቀጣል። ቃሬዛው በሁለት የወይራ እንጨት ላይ የተወጠረ ጠፍር ነው። የዕድሩ ዳኛ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ትከሻ ሲዝል «ተራ የማነው?» ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ አዲስ ትከሻ ገብቶ ይተካል። አራሹንም እንዲሁ ተሸከሙት። ሰባት ወንዝ፣ ዘጠኝ ዳገት አሻገሩት። ወንዙ ሦስት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እርሱ ያን ቀን አልተሸከመም።

ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት። ሲያሰናብቱት ሚስቱን ጠርተው እንዲህ አሏት፤ «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። እጅና እግሩ አልሞቱም፤ ትእዛዝ የሚያደርስላቸው መንገድ ነው የተበላሸው። በየቀኑ ደግፎ የሚያስቆመውና እጁን የሚያፍታታለት ሰው ካገኘ ሌላ መንገድ ይለምዳል። ካላገኘ ይኮማተራል።»

አገሩ በሆታ ተሸክሞ መለሰው። መደቡ ላይ አስተኙት፤ «እግዜር ይማርህ» አሉት፤ ቃሬዛቸውን ይዘው ሄዱ።

አራሹ ከጣሪያው ጋር ቀረ። ማገሩን ቆጥሮ ጨረሰ፤ ለሸረሪቶቹ አንድ በአንድ ስም አወጣላቸው። መተኛቱን ቻለው። ያልቻለው ደጅ መውጣትን ነበር። ከመደቡ እስከ ጓሮው ሃያ እርምጃ ነው። ሚስቱ እንደ ሕፃን አቅፋ ስታወጣው፣ እርሱ ካላየ ሌላውም የማያየው ይመስል ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን በተጣመመ አፉ «በእግሬ... ጓሮ ልድረስ... ከዚያ ልሙት» አላት።

ሚስቲቱ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ሄደች። ዕድሩ በዚያ ቀን ሁለተኛ ቃሬዛ ስለ ማሠራት ይመክር ነበር፤ ጥላ ያለው፣ ትራስ ያለው።

«አባቶቼ፣ በቀን አንድ ሰው ስጡኝ። ደግፎ ያቁምልኝ» አለች።

ዳኛው ጢሙን ዳሰሰ። «ልጄ፣ ደንባችን የታመመ ሰው ይሸከሙት ነው የሚለው። ተሸከምን፤ አደረስን፤ መለስን። ምን ቀረ?»

«ሰውየው ቀረ።»

«ይሄ በሚቀጥለው ይታያል» አሉና ወደ ትራሱ ተመለሱ። ትራሱ የበግ ቆዳ ይሁን ወይስ የፍየል? በዚህ ሲከራከሩ ሦስት ወር ሄደ። በመጨረሻ የበግ ሆነ፤ አዲሱ ቃሬዛ ተሠራ፤ አሮጌው ለመጠባበቂያ ተሰቀለ።

ሚስቲቱ ሄዳ አሮጌውን አወረደችው። ጠፍሩን ፈታች። ከደጃፏ እስከ ጓሮው ግራና ቀኝ ባላ ተከለች፤ ሁለቱን ወይራ በወገብ ልክ አጋደመችባቸው፤ ወይራው ባለቀበት በቀርከሃ ቀጠለች። ባሏን በመካከል አቆመችው። ግራ እጁ እንጨቱን ያዘ፤ ቀኙ አልይዝም ስላለ በጠፍሩ አሰረችው።

በመጀመሪያው ቀን ወደቀ። በሁለተኛውም ወደቀ። በሦስተኛው ቆመ፤ ከላቡ ብዛት የጓሮው ጎመን ሌላ ውኃ ሳያሻው ከረመ።

በሳምንቱ ዳኛው አገሩን አስከትሎ ሙክት ሊያስከፍላት መጣ። «የዕድር ንብረት አፍራሿ የት አለች?» እያለ አጥሩን አለፈና ቆመ። አራሹ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ነበር፤ ቀኝ እግሩ መሬት ለቅቋል፤ ይንቀጠቀጣል። ሰዉን ሲያይ ዓይኑን አልጨፈነም። እግሩ ወረደ፤ አንድ እርምጃ ሆነ። ወዲያው ጉልበቱ ከዳው፤ ዳኛው ከዘራውን ጥሎ ዘለለና በብብቱ ሥር ገብቶ ደገፈው። ሽማግሌ ነውና ዛለ። ዞሮም እንደ ልማዱ ጮኸ፤

«ተራ የማነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ወጣለት። ክረምት ሳይወጣ አራሹ ሃያውን እርምጃ በእግሩ ሄደ፤ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ፤ ተመልሶም አለቀሰ። እርሻ ላይ ግን አልተመለሰም። ቀኝ እጁ በዚያ ሦስት ወር ተኮማትሮ፣ ተጨብጦ ቀርቶ ነበርና አልተፈታለትም። ያን እጅ የወሰደው በሽታው አይደለም። ትራሱ ነው።

እንግዲህ ጌታው፣ ቃሬዛው አምቡላንስዎ ነው። ይቅር አላልኩም፤ ያለ ቃሬዛ አራሹ ትልሙ ላይ ይቀር ነበር። ግን ዕቅድዎም ባጀትዎም በሽተኛውን ደጃፉ ላይ አውርደው ይመለሳሉ፤ ከደጃፍ ወዲያ ያለው ሃያ እርምጃ የማንም አይደለም። ሐኪም ቤት ነፍስ ይመልሳል፤ ሰውየውን የሚመልሰው ግን ያ ሃያ እርምጃ ነው። እርሱንም የሚስት ጀርባ ይሸከመዋል ብለው አይተዉት፤ ባለሙያ ይቅጠሩለት፤ እንደ አምቡላንሱ ነዳጅ በየዓመቱ ይመድቡለት።

የዕቅዱ ስብሰባ ወደ ሚያዝያ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ። በየቤቱ ከተኙት ውስጥ እስከ ሚያዝያ ሳይጨበጥ የሚጠብቅዎ ስንት እጅ እንዳለ እስቲ ይንገሩኝ።