የዓሣ ሻጯ ካናቴራ

ከባሕር ማዶ በምትተዳደር አንዲት የካሪቢያን ደሴት ላይ ቀይና አረንጓዴ የሚባሉ ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ። ምርጫ ሲደርስ ሁለቱም ለሕዝቡ ካናቴራ ያድላሉ። ኦስበርት የሚባል ሰው በቀዩ ፓርቲ ተመረጠና ሳምንት ሳይሞላው ወደ አረንጓዴው ተሻግሮ ሚኒስትር ሆነ።

ሹመቱን ሊያሳይ ገበያ ሲወጣ አንዲት ዓሣ ሻጭ ከሽርጧ ሥር ቀይ ካናቴራ ለብሳ አገኛት።

«የጠላቶቼን ካናቴራ በመንግሥት ገበያ? አረንጓዴ ካልለበስሽ መደብሽን ትለቂያለሽ!» አላት።

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሽርጧን ገለል አደረገች። ካናቴራው ላይ የታተመው ኦስበርት ራሱ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

«እሺ ክቡር ሚኒስትር፣ እቀይራለሁ» አለች። «ብቻ ነጭ ካናቴራ ላይ ፊትዎን አሳትመው ይስጡኝ። እርስዎ በተሻገሩ ቁጥር እኔ ቀለም እነክረዋለሁ።»