የአባባ ኡላቭ ሸሚዝ

አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ነበረች። ዘነበች እንበላት፤ የሆሳዕና ልጅ ናት። የሌላውን ሕዝብ ባህል በሥራ ላይ እያየች እንድትማር፣ ከክፍሏ ተመርጣ ለተግባር ልምምድ ኖርዌይ ተላከች። እናቷ በሶ ቋጥራ፣ መርቃ፣ "ሽማግሌ እንዳታሳዝኚ" ብላ ሸኘቻት።

በተመደበችበት ክፍል አባባ ኡላቭ የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተዋል። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አድክሞታል። ዘነበች ጠዋት ትገባለች፤ ፊታቸውን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ሸሚዛቸውን ትቆልፋለች፣ ተንበርክካ ጫማቸውን ታስራለች። ወንድ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ከወዲሁ ስታጯት አየኋችሁ።

ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንድ ቀን ማንኪያውን ከነእጇ ገፉት።

"ጠልተውኛል" አለች ዘነበች ለአለቃዋ ለሲስተር ኢንገር፣ እንባዋን እየጠረገች። "እኔ እንደ አባቴ ነው የያዝኳቸው።"

"እሱ ነው ችግሩ" አለቻት ኢንገር። "ዓርብ ሐኪሞቹ ያዩዋቸዋል። ራሳቸውን ችለው ከለበሱ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ይመለሳሉ። ካልቻሉ አረጋውያን መጦሪያ ነው የሚገቡት። አንቺ እየቆለፍሽላቸው እጃቸው መቼ ይልመድ?"

"ታዲያ ቁጭ ብዬ ልያቸው? ነውር አይደል?"

"ለአንቺ ነው ነውሩ። እሳቸውን ጠይቀሻቸዋል?"

አልጠየቀችም። እንዴት ትጠይቅ? በእኛ ቤት "ላጉርስዎ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ማጉረስ ያልፈለገ ሰው ነው።

በማግስቱ ግን ጠየቀች። "አባቴ፣ ምን ላግዝዎ?"

"ሸሚዙን አቀብይኝና ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ቁልፉ ይያዛል፤ ያመልጣል። እንደገና ይያዛል፤ ያመልጣል። የሽማግሌው ግንባር አላበው። የዘነበች እጅ አላስቀምጥ ቢላት ሁለቱንም ከጭኗ ሥር ቀበረቻቸው። በመጨረሻ ተቆለፈ፤ ተዛንፎ፣ አንድ ቁልፍ አንገት ላይ ተርፎ፣ ግን ተቆለፈ። ያን ጊዜ ብድግ አለች።

"ምን ሆንሽ?" አሏት።

"በአገሬ ለአባት ይነሳል።"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ይቺን እንኳ አትተያት" አሏት።

ዓርብ ደረሰ። ሸሚዛቸውን እንዳዛነፉት ሐኪሞቹ ፊት ቀረቡ፤ ቤታቸውም ገቡ። ሲሰናበቷት እጇን ይዘው፣ "ልጄ፣ ምንም ስላላደረግሽልኝ አመሰግናለሁ" አሏት።

እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዘነበች ይህን ለመማር ባሕር ተሻገረች። እኛስ? ከገጠር ያመጣናት እናት የለችንም? መጥረጊያ ስታነሳ እንነጥቃታለን። ሽንኩርት ልትልጥ ስትል "እማዬ፣ አንቺ እረፊ" እንላታለን። አርፋ አርፋ ጉልበቷ ተሳሰረ። ከደግነታችን ነው፤ ማን ክፉ አላችሁ? ግን ጠይቀናታል ወይ? አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናታል?

እግዚአብሔር እኛን ስንቴ ስንንገዳገድ ታግሶ አየን? ስንቴ በገዛ እግራችን እስክንቆም ጠበቀን? ተመስገን።

እንግዲህ ዛሬ ቤት ስትገቡ እናንተም እናታችሁን ጠይቋት። "ወጥ ልሥራ" ካለቻችሁ ቢላዋውንም ሽንኩርቱንም ስጧት። ወፋፍራም አድርጋ ትከትፈዋለች፤ ግድ የላችሁም፣ አኝኩት። እያኘካችሁም፣ ቢላዋ የምታነሳበትን አቅም ያቆየላትን አምላክ አመስግኑ።