ሽኮኮ የጠበቀው ገንቦ

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ሰምተነዋል አትበሉ፤ አልሰማችሁትም። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት፣ ሰውም ዝም ማለት በሚያውቅበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አንድ ቆላ አገር ሽኮኮ የሚሉት ብልጥ ይኖር ነበር። ብልጥ ስላችሁ ሥራ የሚወድ እንዳይመስላችሁ። ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ይውልና ምግብ ሲሸተው ብቻ ከሁሉም ጋር ዘመድ ይሆናል።

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ደህና ውሃ የቀረው ከአንበሳ ደጅ ያለው ምንጭ ብቻ ነበር፤ እሱም ታጥሮ ይጠበቃል። ሌላው ፍጥረት ከአንድ የደፈረሰ ወንዝ እየጠጣ፣ ግልገሎቹ ሆዳቸውን እየታመሙ ያልቁ ጀመር። በዚህ መሀል ሽማግሌው አንበሳ ሞተና ልጁ ሊነግሥ ነው ተብሎ አዋጅ ተነገረ። አዲስ ንጉሥ በነገሠ ቀን፣ እጅ መንሻ ይዞ ከመጣ አገር አንድ ልመና ይሰማል፤ ደንቡ ነው። እጅ መንሻው ከተናቀ ግን ልመናውም አብሮ ይናቃል።

የአገሩ ትልቅ ሴት እመት ጃርት፣ ንቦች ያዋጡትን የመጨረሻ ማር ተቀብላ፣ ለክፉ ቀን ባስቀመጠችው ንጹሕ ውሃ ጠጅ ጣለች። ልጆቿ ጣታቸውን እንዲነክሩበት እንኳ አልፈቀደችም። «ይሄ የውሃችን ዋጋ ነው» አለቻቸው። የገንቦውን አፍ በኮባ ቅጠል አሰረችና በአያ አህዮ ጀርባ ላይ አስጫነች።

ጠጁ የሸተተው ሽኮኮ ከድንጋዩ ወረደ።

«እመት ጃርት፣ መንገዱ ክፉ ነው፤ ገንቦው ይጠበቅ። እኔ ቀላል ነኝ፣ አህያው ላይ ወጥቼ ደግፌ ልያዘው።»

«አንተ ደግሞ ሥራ የጀመርከው መቼ ነው?»

«ለአገር ጉዳይማ እንዴት ዝም እላለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እመት ጃርት እራሷ እንዳትወጣ እሾኋ አህያውን ይወጋዋል። ስለዚህ እሺ አለች። ምን ታድርግ።

መንገዱ አይነሳ። የአገሩ እንስሳ ሁሉ ነቅሎ ወጥቷል። ዝሆኖች አቧራውን ያነሱታል፣ ጅግሮች በየእንስሳው እግር ሥር ገብተው «ረገጣችሁን» እያሉ ይንጫጫሉ፣ ከርከሮ ያለ ወረፋው ገብቶ ይሰደባል። በገደሉ መሀል ያለው ጠባብ በር ጋ ሲደርሱ ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ዝሆንና ጎሽ፣ ፊት ለፊት ቆመው ይግደረደራሉ።

«ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እርስዎ እያሉማ አላደርገውም።»

ሕዝቡ ከኋላ እየተጋፋ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሽኮኮ ከጉያው መቃ አወጣና ኮባውን ወግቶ አስገባት። «መንገዱ ክፉ ነው፤ ገንቦው ይጠበቅ» አለና ፉት አለ። ዝሆን «ይቅደሙ» ሲል ፉት፣ ጎሽ «በሞቴ» ሲል ፉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪስማሙ ገንቦው ተጋምሶ ነበር።

አያ አህዮ ጆሮውን አቆመ። «ሽኮኮ፣ ምነው ሸክሜ ቀለለኝ?»

«ደስታ ነው አያ አህዮ። ለንግሥ የሚሄድ ሰው ሸክሙ አይታወቀውም።»

አህያው አመነ። ደስ ብሎት እየፈነጨ ሄደና ጅግሮቹን በተነ፣ የጭልፊትን እጅ መንሻ ገደል ከተተ፣ ከቀበሮ ቤተ ዘመድ ጋርም ተጣላ። እመት ጃርት ከኋላ «ይቅርታ ጌቶቼ፣ አህያ ነው፣ ይለፉት» እያለች ስትለምን ዋለች። ላይ ሽኮኮ ይዘፍናል። ወንዙ ሲደርሱ መቃዋ ባዶ ጮኸች። ስካሩ ባንዴ በረደለት።

ወንዙ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ በውሃ ሳይሆን በተሻጋሪ። ጎሾች ይንቦጫረቁበታል፣ ጎሽ ውሃ ውስጥ የሚያደርገውንም ያደርጉበታል። አህያው መሀሉ ሲደርስ ጭቃው ጀርባው ደረሰ። ሽኮኮ ኮባውን ፈታ፣ ገንቦውን ዘቅዘቅ አደረገና ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሞላው። ከዚያ መልሶ አሰረው።

«አሁን ደግሞ ምነው ከበደኝ?» አለ አያ አህዮ።

«የንጉሥ ደጅ ሲቀርብ ክብር ይከብዳል።»

«እውነትህን ነው» አለ አህያው። አህያ ነዋ።

ከግቢው ሲደርሱ አጋፋሪው ጉሬዛ ነጭ ካባውን ጀርባው ላይ ጥሎ እንግዳውን በየማዕረጉ ያስቀምጣል። እጅ መንሻ አቅራቢ ከንጉሡ ጎን ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሽኮኮ ሊሾልክ አስቦ ነበር፣ ግን ምንጣፉን አየ። ከዚህ ሁሉ ገንቦ መሀል የቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል፣ አለ በልቡ።

«የቆላው አገር አቅራቢ ማነው?» አለ ጉሬዛ።

«እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ የጠበቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ ዘለለ ሽኮኮ። እመት ጃርትም ደክሟል፣ ይሁንለት አለች።

«መልካም። እንግዲያው ቅመስ።»

«ምን?»

«አቅራቢ ከንጉሥ በፊት በእፍኙ ተቀብሎ ይቀምሳል። መርዝ እንዳይኖርበት።»

ድንጋይ ላይ ተጋድሞ የኖረ የቤተ መንግሥት ደንብ ከየት ያውቃል? ጉሬዛ ቀዳለት፤ ሽኮኮ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ።

«እንዴት ነው?»

«ማር ነው ጌታዬ» አለ ጺሙን እየጠረገ።

ወጣቱ አንበሳ አፍንጫውን ነፋ አደረገ። «እንዲህ ከጣፈጠህማ ይጨመርልህ።»

ተጨመረለት። ጠጣ። ሌላም ተጨመረለት። ሦስተኛውን ሊጨልጥ ሲል ከገንቦው አንድ እንቁራሪት ብቅ አለችና ዘልላ ከንጉሡ እግር ላይ ተቀመጠች። አንበሳ ጎፈሩን አቁሞ ተነሳ።

«በንግሤ ቀን ጭቃ ነው ያመጣችሁልኝ?»

«መንገዱ ክፉ ነበር ጌታዬ…» አለ ሽኮኮ፤ ሳይጨርሰው የጠጣው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ወጣ።

እመት ጃርት ገንቦውን አየችው። ያ ሁሉ ማር፣ ያ ሁሉ ልጅ። ግን የወንዙን ሽታ አወቀችው። እሾኋን አስተኝታ ወደ ፊት ቀረበችና እጅ ነሳች።

«ጃንሆይ፣ ይዘን የተነሳነው ጠጅ ነበር፤ የት እንደገባ ሆዱን ይጠይቁት። ገንቦው ውስጥ ያለው የወንዛችን ውሃ ነው። ሁለት እፍኝ የጠጣ እንዲህ ሲሆን አይተዋል። ልጆቻችን ማለዳም ማታም የሚጠጡት ይህንኑ ነው።»

አንበሳ ከተወለደ ጀምሮ ከምንጩ በቀር ሌላ ውሃ አሽትቶ አያውቅም። ገንቦው ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የምንጩ አጥር ይፍረስ።»

ሕዝቡ ወደ ምንጩ ጎረፈ። ያን ጊዜ ዝሆንም ጎሽም «ይቅደሙ» አላሉም። እመት ጃርት ልጆቿ ሲጠጡ ቆማ እያየች አለቀሰች።

ሽኮኮስ? «አንተማ ቀማሽ ሆነሃል። ወንዙ እስኪጠራ በየማለዳው እየወረድህ ቅመስ» ቢባል፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ከቋጥኝ ሥር ገባ። እስከ ዛሬም ከውሃ ዳር አይታይም። ኮቴ በሰማ ቁጥር ጉሬዛ ገንቦ ይዞ የመጣ እየመሰለው ይጮህና ይደበቃል።

እናንተም የአደራ ዕቃ ስትይዙ መቃችሁን ከቤት ተዉት። የአገር ገንቦ ያጎደለ፣ አተላውን በገዛ እፍኙ ይጨልጣል።