የወፍጮ ባንድ አጃቢዎች

በአንድ ወቅት፣ የኮምቦልቻ ወፍጮ ቤቶች ገና በናፍጣ ሞተር በሚጮኹበት ዘመን፣ አራት ሰዎች የሮክ ባንድ አቋቋሙ። ጎረቤት ጫጫታቸውን ስላልቻለ፣ የሚለማመዱት ወፍጮው ሲፈጭ ብቻ ነበር። ዱቄት እየለበሱ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኹ አራት ዓመት ሠሩ። ባንዱንም «ወፍጮ» አሉት፤ ድራም መቺዋ ዘምዘም ስሙን በትልቁ ድራሟ ቆዳ ላይ በቀይ ቀለም ጻፈችው።

አንዱ ዘፈናቸው አገር ሲያዳርስ ዘፋኙ ልዑልሰገድ ጥሏቸው ወጣ። ሬዲዮ ላይ ስለ ባንዱ ሲጠየቅም፣ «ዘፈኑ የኔ ነው። እነሱ አጃቢዎቼ ነበሩ» አለ።

ዘምዘም ደሟ ፈላ። የዘፈኑን ምት ከወፍጮው ሞተር የቀዳችው እሷ ናት፤ ግጥሙ የቤዝ ተጫዋቹ የአራጋው፣ ዜማው የጊታር ተጫዋቹ የይመር ነው። ልዑልሰገድ ያመጣው ድምፁን ነው፤ ድምፁስ ደህና ነበር፣ አልዋሽም። ሦስቱ እዚያው ወፍጮ ቤት ተማማሉ፦ «ይችን ‹አጃቢ› የምትል ቃል መልሶ እንዲውጣት ያደረገ፣ የባንዱ ስም የሱ ይሁን። የቀረነው እናጅበዋለን።»

ዘምዘም ብዙ አልጠበቀችም። ልዑልሰገድ የቀጠረው አዲስ ድራም መቺ ምቱ አልገባው ሲል ዘፋኙ ራሱ ደወለላት።

«ዘምዘምዬ፣ ለእሁዱ ኮንሰርት ብቻ።»

«እሺ፣ አጅብሃለሁ» አለችው።

መድረክ ላይ በየስንኙ ትንሽ ትንሽ አፈጠነችው። ልዑልሰገድ ከኋላዋ ሮጠ፣ ሮጠ፤ ሦስተኛው አዝማች ላይ ትንፋሽ አጥሮት ማይኩን እንደያዘ ቀረ። ሕዝቡ ሳቀ። ያን ቀን አጃቢው እሱ ነበር! ይህን የሚያውቁት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ድራም መቺዋ አበላሸችው» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ለሥራ የጠራት የለም።

አራጋው ደግሞ አንድ ካሴት ነበረው፤ ልዑልሰገድ «ለማስታወሻ አስቀምጥልኝ» ብሎ አደራ የሰጠው፣ የመጀመሪያው ልምምዳቸው የተቀዳበት። ወስዶ እዚያው ሬዲዮ ላይ አሰማው። አራጋው ግጥሙን ቃል በቃል ሲያስጠና፣ ልዑልሰገድም «ቀጥሎ ምንድን ነው?» እያለ ሲለማመጥ አገር ሰማ። ልዑልሰገድ በሄደበት ሁሉ «ቀጥሎ ምንድን ነው?» እያሉ ያበሽቁት ጀመር።

ይመር ጣቱን አላነሳም። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ልዑልሰገድ መሳቂያ ሆኖ አብሮት የሚጫወት ሲያጣ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ።

«አውርደው» አለው ይመር። «ግን ከፊት ቦታ የለህም። ከኋላ ቆመህ አዝማች ትቀበላለህ። ሰው ምንድን ነህ ቢልህ ምን ትላለህ?»

ልዑልሰገድ አንገቱን ደፋ። «አጃቢ» አለ፣ በገዛ አፉ።

አሁን ሦስቱ ተፋጠዋል። «እኔ ባላዋርደው ማን ይስቅበት ነበር?» ትላለች ዘምዘም። «ያንቺንማ ያወቀልሽ የለም፤ አገር ያመነው በካሴቱ ነው» ይላል አራጋው። «ያችን ቃል ያስዋጥኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ሰው ብቻ ነው ያሳቃችሁበት» ይላል ይመር።

ዘምዘም የባንዱ ስም የተጻፈበትን የድራም ቆዳ ፈትታ ጭኗ ላይ ይዛለች። ንዴቷ አልበረደም፤ ያ ሰውዬ መልሶ ከጀርባዋ ቆሞ ምት እንድትሰጠው ይጠብቃል። ቆዳውን ለሌላ ከሰጠች ደግሞ፣ እሷም እንደሱ አጃቢ ልትሆን ነው።

እናንተ ሰምታችኋል፣ መሐላውንም ታውቃላችሁ። እስቲ ፍረዱ፤ ቆዳው የማን ነው?