የውሾቹ አጥር

አንድ ሰው ነበረ፤ በረሃ ዳር የሚኖር ገበሬ። ብዙ ኃይለኛ ውሾች ነበሩት፤ በግቢው መሀል በግንድ አጥር ዘግቶ አንድ ላይ ያኖራቸዋል። የሞተ ከብትም ሆነ የታረደ ከብት አንጀት በአጥሩ ላይ ይወረወርላቸዋል፤ አድቅቀው ይበላሉ። የሚተርፈውን ሚስቱ እየጠረገች ለጓሮው ጎመን ማዳበሪያ ታደርገዋለች።

አልፎ አልፎ አንድ ውሻ ሾልኮ ይወጣል። ብቻውን ሲሆን ግን ጅራቱን ወሽቆ ጥግ ይይዛል፤ ትንሿ ልጁ እንኳ በአርጩሜ እየነዳች ትመልሰዋለች። ስለዚህ ገበሬው ስለ አጥሩ ብዙም አይጨነቅም ነበር።

አንድ ዓመት ከርከሮ ማሽላውን ፈጀበት። ጉድጓድ ቆፍሮ ያዘው። ሚስቱ እዚያው በጦር ወግቶ እንዲገድለው ለመነችው። እሱ ግን አንጀቱ አርሮ ነበርና በውሾቹ ሲቦጫጨቅ ማየት ፈለገ። በጠፍር አስሮ አመጣው።

«ይህን አይችሉትም» አለችው።

«እስከ ዛሬ ያልቻሉት ምን አለ?» አለና እስሩን ቆርጦ ከነነፍሱ አጥሩ ውስጥ ጣለው።

ቆዳው ለጥርስ አልበገር አለ። ውሾቹ ሲረባረቡበት ከርከሮው በክራንቻው ግንዶቹን ከሥራቸው ነቃቅሎ ወጣ። ውሾቹ አልተከተሉትም። ደም ሸቷቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ግቢው ፈሰሱ። ልጅቱ ጥጆቹን ላድን ብላ አርጩሜዋን ይዛ ሮጠች። ገበሬው ውሾቹን በየስማቸው ጠራ። አንድም ዞሮ ያየው የለም።

ጎረቤት ጦር ይዞ ሲደርስ ጥጃም ልጅም አልተረፈም። ሚስቱ ነጠላዋን አውልቃ ልጇን ሸፈነች። ከርከሮው በማግስቱ የጎረቤቱን ማሳ ሲቆፍር ታየ።

ይታይሽ፣ ዕድሜያቸውን በድንጋይ መፍጫ ስለጨረሱት አባትሽ ጠይቀሽኛል፤ መርዝ የሌለው አቧራ እንዴት ሰው ይገድላል ብለሽ። አቧራውን የሚለቅሙት የሳንባ ሴሎች እንደዚያ ግቢ ናቸው። በውስጣቸው ሊሶሶም የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ያረጀውንና ከውጭ የገባውን የሚፈጩ ኃይለኛ ፈሳሾች በስስ ሽፋን ታጥረውባቸዋል። ጥቂት ቢያፈስ ፈሳሹ ከከረጢቱ ውጭ ይደክማል፤ ሴሉ ይችለዋል። የድንጋይ ብናኝ ግን አይፈጭም፤ ሽፋኑን ይቀደዋል። ያን ጊዜ ሴሉ በገዛ ፈሳሹ ይበላል፤ ብናኙም ወጥቶ በሌላ ሴል ይዋጣል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ሳንባው ይቆስላል። የአባትሽ ሳንባ ጠባሳ ብቻ ሆኖ የቀረው እንዲህ ነው።

ወንድምሽ በእሳቸው ቦታ ሊቀጠር ነው አሉ። ሳይገባ ይህን ንገሪው።