ያላመመው አፍ አይከፈትም

አንድ ቀን አቶ ጓንጉል የሚባሉ የበቅሎ ነጋዴን፣ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያያቸው የገዛ ቃላቸው ነከሳቸው። ነገሩ የሆነው ዳሞት ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የገበያውን እኔው ራሴ በቅሎ ተራ ቆሜ ሰምቻለሁ። የቤቱን ደግሞ አሽከራቸው እንግዳው ነግሮኛል፤ እንግዳው ሲቀልድ እንጂ ሲዋሽ አላውቀውም።

አቶ ጓንጉል የማያውቁት ነገር አልነበረም። ዝናቡ መቼ እንደሚጥል ከገበሬው በላይ ያውቃሉ፤ ቄሱ ቅዳሴው ላይ የቱን እንደዘለሉ ከዲያቆኑ በላይ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ ጥርሴን ያፋጨኛል፣ ምን ላድርግ። በበቅሎ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እውቀታቸው እውቀት ነበር። የበቅሎዋን ከንፈር ገልበጥ፣ ጣታቸውን ወደ መንጋጋዋ ሰደድ አድርገው ዕድሜዋን፣ ምን ስትበላ እንዳደገች፣ ስንት ክረምት እንደምታገለግል ይናገራሉ። አፏን ሳያዩ የገዟት በቅሎ የለችም። በረት ያሉትንም ቢሆን በየሁለት ሳምንቱ እየዞሩ አንድ በአንድ አፍ ያስከፍታሉ።

ወደ ራሳቸው አፍ ስንመጣ ነገሩ ያሳፍራል። ከላይ አራት፣ ከታች አምስት ጥርስ ቀርቷቸዋል፤ እነሱም ተገናኝተው አያውቁም። ቆሎ ሲቀርብ «ሆዴን አሞኛል» ይላሉ። ጥብስ ሲቀርብ «ጾም ይዣለሁ» ይላሉ፤ በፋሲካ ሳይቀር ይህን ሲሉ ተሰምተዋል። ጥርስዎ ምን ነካው ሲባሉ፣ «አያቴ እኮ በሰማንያ ዓመቱ አጥንት ይቆረጥም ነበር» ብለው ይመልሳሉ። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ፤ ከበቅሎ ጋር ሲኖሩ አመላለሱን ተምረውታል።

ታዲያ እኒህ ሰውዬ ስለ ጥርስ አንድ ሕግ ነበራቸው።

«ያላመመው አፍ አይከፈትም!»

ካመመስ ሲባሉ፣ «ካመመ ይነቀላል፤ ምን ችግር አለው?» ይላሉ። ነቃዩ ከገበያው ዳር ጉጠት ይዞ የሚቀመጥ አንድ ቀጥቃጭ ነው። የጋለ ብረት የሚያነሳበትና ጥርስ የሚነቅልበት ጉጠት አንድ ይሁን ሁለት፣ ደፍሮ የጠየቀው የለም። በዚህ ሕግ የአቶ ጓንጉል የበኩር ልጅ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሁለት መንጋጋ አጥቷል። እንግዳውም አሥራ አምስት ዓመት በቅሎ ሲስብላቸው ሦስት ጥርሱን እዚያው ቀጥቃጩ እግር ሥር ጥሏል። ሦስተኛው ሲነቀል ጌታው አጠገቡ ቆመው «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይሉት ነበር። እንግዳው ይህንን አልረሳም።

በዚያ ሰሞን ሲስተር ውብአለም የምትባል የጥርስ ባለሙያ ለአንድ ሳምንት ወደ ከተማዋ ጤና ጣቢያ መጣች። በየቀበሌው ተነገረ፦ «እናትም አባትም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ሳያማችሁ ኑ።» ይህ «ሳያማችሁ» የሚለው ቃል ከተማውን ሁሉ አሳቀው። ደኅና ሰው ጤና ጣቢያ ምን ይሠራል ተባለ። የአቶ ጓንጉል ሚስት ወይዘሮ አንጓች ግን አልሳቁም። የበኩር ልጃቸው በአንድ ጎን ብቻ ሲያላምጥ በየማዕዱ ያዩታል፤ ስለዚህ ሰኞ ዕለት ባላቸው ገጠር ሲወርዱ ሦስቱንም ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ማታ አቶ ጓንጉል ሲመለሱ ወይዘሮ አንጓች ነገሩን ሳይደብቁ ተናገሩ።

«ልጆቹን አሳየኋቸው። የትልቁ ያው እንደሚያውቁት ነው፣ የተረፉት እንዳይሄዱ ጠዋት ማታ ይፋቅ ብላለች። የትንሹ ደኅና ነው። ትብለጥ ግን የታችኛው መንጋጋዋ ላይ ነጥብ የምታህል ጥቁር ነገር ተገኘባት።»

ትብለጥ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ናት።

«አመመኝ ብላለች?» አሉ አቶ ጓንጉል።

«አላለችም። ሲስተሯ እንደምትለው አሁን ተጠርጎ ቢሞላ ጥርሱ ይድናል። ከቆየ ግን ይቦረቦራል፣ ከዚያ መነቀል ነው። የወተት ጥርስ አይደለም፤ ከሄደ በቦታው ሌላ አይበቅልም። ሲስተሯ ደግሞ እሑድ ትሄዳለች። እስከ ቅዳሜ አምጧት ብላኛለች።»

አቶ ጓንጉል ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ።

«አንቺ ሴትዮ! ያላመመውን አፍ ከፍተሽ ሕመም ጠራሽበት ማለት ነው! የሰው ልጅ አፍ እንዲህ ተገልብጦ ይታያል? ልጄ በቅሎ ናት እንዴ?»

«ኧረ እንዴት ይላሉ…»

«ከዛሬ ጀምሮ ለጥርስ ብሎ የጤና ጣቢያውን በር የረገጠ ተመልሶ የኔን በር አይርገጥ! አንቺንም ጨምሮ! ጨረስኩ።»

ጨረስኩ ካሉ ጨርሰዋል። ወይዘሮ አንጓች ባላቸውን ያውቃሉ፤ ከተማዋም ትንሽ ስለሆነች ተደብቆ መሄድ አይቻልም። ልጅቱ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጣ በምላሷ ጥርሷን ትነካካለች። ያቺ ጥርስ እንደ ወንድሟ ጥርስ በጉጠት ስትወጣ ታያቸውና እንባቸው መጣ። ወጥተው በረት በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ እንግዳው ገብስ ይዞ ደረሰ።

«ምነው እትዬ?»

ሁሉንም ነገሩት። መጨረሻ ላይ ምርር ብሏቸው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ በቅሎ ናት እንዴ ይሉኛል! በቅሎ ብትሆንማ ይሄኔ ራሳቸው አይተዋት ነበር።»

እንግዳው ገብሱን መሬት አስቀመጠ። ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ፣

«እትዬ፣ ቅዳሜ የጌታዬን ምሳ ትብለጥን አስይዘው ገበያ ይላኩልኝ። እርስዎ ከጤና ጣቢያው በር አይራቁ» አለ።

«ከቤት ታስወጣኛለህ አንተ ሰው!»

«ቢሆን እኔ ነኝ የምወጣው። የቀሩኝን ጥርሶች ይዤ እወጣለሁ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ጤና ጣቢያው ከበቅሎ ተራው በላይ፣ ባሕር ዛፉ ጋ ነው፤ ጠራ ያለ ጉሮሮ ያለው ሰው ከዚህ ቢጣራ እዚያ ይሰማል። አያ ልመንህ የሚባሉ የቆላ ሽማግሌ አንዲት ጥቁር ሰጋር በቅሎ ይዘው ወጥተዋል። ገበያው ሁሉ እሷን ከቧል። አቶ ጓንጉል ሰዉን በዱላቸው ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ገቡና ዙሪያዋን አዩ፣ ጀርባዋን ደባበሱ፣ እግሯን አነሱ። ወደዷት። ወደዷት ማለት ግን ገዟት ማለት አይደለም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እስቲ አፏን» አሉ።

ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። አቶ ጓንጉል የበቅሎ አፍ ሲያዩ ማየት በዚያ ገበያ ትልቅ ነገር ነው። እጃቸውን ወደ ከንፈሯ ሲሰዱ እንግዳው መሐል ገብቶ የበቅሎዋን አፍ በመዳፉ ሸፈነው።

«ይተዉ ጌታዬ» አለ።

«ምን?»

«አላመማትም።»

«ማንን?»

«በቅሎዋን። ጥርሴን አመመኝ አላለችም። ያላመመውን አፍ ከፍተን ሕመም እንጥራባት?»

አንዳንዱ ሳቀ። የአቶ ጓንጉል ዓይን ቀላ። ትብለጥ ምሳውን በአገልግል ይዛ ከአባቷ ጀርባ ቆማለች፤ ያዩዋት ግን አይመስልም።

«ሰክረሃል እንዴ አንተ? እጅህን አንሳ!»

«እንግዛትና ትሂድ ጌታዬ። ባመማት ጊዜ ይታያል።»

«አንተ ደንቆሮ!» አሉ አቶ ጓንጉል፤ አሁን ለእንግዳው ሳይሆን ለገበያው ነው የሚናገሩት፣ የሚያውቅ ሰው ሰው ሲሰበሰብለት ድምፁ ከፍ ይላል። «ካመማት በኋላማ ማየቱ ምን ይረባኛል? አፍ የሚታየው ደኅና ሳለ ነው! ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማህም?»

«ካመማት ይነቀልላታላ። ቀጥቃጩ ያው እዚያ ተቀምጧል።»

«ይነቀልላታል ይለኛል! ሰማችሁት? ጥርሷ ከሄደ ምኗን ታኝካለች? ካላኘከች ትከሳለች፣ ከከሳች አለቀላት! የጥርስ ነገር ከመጀመሪያው፣ ነጥብ ሲያህል ነው የሚያዘው። ቆይቶ የሚያይ ሞኝ ነው!»

«ሌላ ጥርስ ይበቅልላት የለ?»

«በአርባ ዓመቴ ያልሰማሁት ጉድ! የሄደ መንጋጋ ሲበቅል የት አየህ?»

«እንግዲህ እኔ ማይም ነኝ» አለ እንግዳው አንገቱን ደፍቶ። «እውነት ነው ይሉኛል? ይማሉ?»

«ሚካኤልን! ሳያማት አፏን ያላየ ሰው የንብረቱ ጠላት ነው!»

«አያ ልመንህ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው።

«እናንተስ?»

«ሰምተናል!» አለ በቅሎ ተራው በሙሉ። እኔም ብያለሁ።

እንግዳው መዳፉን ከበቅሎዋ አፍ አነሳና ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ትብለጥ፣ አባትሽ ሲፈቅዱ ሰምተሻል። ምሳውን ለኔ ስጪኝና ሩጪ። እናትሽ ጤና ጣቢያው በር ላይ ናቸው፤ ጥርስሽን ይሙሉልሽ።»

አቶ ጓንጉል ዞር ሲሉ ልጃቸውን አዩዋት። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«ቁሚ! ማነው የፈቀደ? እኔ የተናገርኩት ስለ በቅሎ ነው!»

ልጅቱ ባለችበት ቀጥ አለች። ገበያውም ወደ እንግዳው ዞረ። እንግዳው አገልግሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጌታ ፊት እንደሚቆም ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ፦

«እኛም የምንለምንዎ እሱኑ ነው ጌታዬ። ልጅቱን ከበቅሎ አያሳንሱብን።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳቅ ልናገረው አልችልም። ቀጥቃጩ እንኳ ጉጠቱን ጥሎ ሳቀ። አቶ ጓንጉል አፋቸውን ከፈቱ፤ ያቺ የሁሉ ነገር መልስ የማይጠፋባት አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶዋን ተከፈተች፤ ከላይ አራት፣ ከታች አምስት፣ ሁላችንም ቆጠርናቸው። አያ ልመንህ በቅሏቸውን ልጓሟን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡና፣

«ጌታው፣ መጀመሪያ የልጅዎን አሳይተው ይምጡ። የኔዋ ትጠብቅዎታለች» አሏቸው።

ምን ይበሉ? እምቢ ቢሉ በሚካኤል የማሉበት አለ፣ በቅሎዋም ከእጃቸው ልትወጣ ነው። በዱላቸው ወደ ላይ ጠቆም አደረጉ። ትብለጥ ነጠላዋ እየተጎተተ ሮጠች።

እንግዳው ከቤት አልወጣም። በቅሎ ስቦ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው እንጂ አዝነውለት አይደለም።

ትብለጥ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በዓመት ሁለቴ ሁሉንም አሰልፋ፣ ሳያማቸው፣ ታስመረምራቸዋለች። በዚያች ያን ቀን በተሞላች ጥርሷም የባቄላ ቆሎ ስትቆረጥም ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። አባቷ ከአጠገቧ ይቀመጡና ሆዳቸውን ያማቸዋል።